ስፖኪዮው ሲንገዳገድ

ሀደራ በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል፣ ከሁለቱም 45 ኪሎሜትር ገደማ ርቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1891 እ.ኤ.አ. ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁዳውያን ሲቆረቁሯት መከራቸው ረግረጉና ወባው ነበር። ዛሬ ረግረጉ ደርቋል። ከባሕሩ ዳር የኦሮት ራቢን የኃይል ማመንጫ 300 ሜትር የሚረዝመውን ጭስ ማውጫ አቁሞ ከሩቅ ይታያል፤ ከተማዋም ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ሆናለች። የአሮጌ መኪና ባለቤት ግን ሀደራን የሚያውቃት በሌላ ነገር ነው፤ ከሜዲትራንያን ተነሥቶ በሚነፍሰው ጨው ያዘለ አየር። በባሕሩ ጥግ ባለው በጊቭዓት ኦልጋ ሰፈር ደጅ የሚያድር መኪና ይህን አየር ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያድራል።

ጨዉ ሥራውን የሚጀምረው ዓይን ከማይደርስበት ቦታ ነው። ከስፖኪዮው እግር ሥር፣ በጎማው ጓርኒሲዮንና በበሩ ላሜራ መካከል ይገባል፤ እርጥበቱን ይዞ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። ባለቤቱ ነገሩን የሚነቃበት አንድ ቀን መንገድ ላይ ከኋላው የሚመጣው መኪና በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ሆኖ ሲታየው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በሀደራም በአዲስ አበባም አንድ ዓይነት ነው። ካቻቢቴ ይመጣል። ቪቱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጠብቅም። ወፍራም ቪት ይፈለግና ይገባል፤ ጥቂት ወራት ይዞ ይቆይና ቀዳዳውን አስፍቶት ይወጣል። ሦስተኛው ዙር ላይ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ቀለም ይቀባል። ለሥራው ክፍያ ይቀበሉበታል፤ ይህ ግን ጥገና አይባልም። ስቱኮ ጎድጓዳ ለመሙላት የተሠራ ነገር ነው፤ ክብደት ተሸከም ቢሉት አይችልም።

ምክንያቱን ለማየት መለኪያ ማንሣት ይበቃል። የአሮጌ መኪና በር ውጫዊ ላሜራ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው። የተለመደው ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ደግሞ ጥርሶቹ በ0.8 ሚሊሜትር ርቀት የተቆረጡ ናቸው። እንግዲህ ላሜራው ላይ ጥርስ ቢወጣለት፣ ስፖኪዮውን የሚሸከመው አንድ ጥርስ ብቻ ነው ማለት ነው። የመካኒኮች የቆየ ደንብ ብሎን ወደ ብረቱ ቢያንስ የራሱን ወርድ ያህል ይግባ ይላል፤ ለዚህ ብሎን 5 ሚሊሜትር፣ ማለትም ስድስት ጥርስ። በበሩና በደንቡ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት እጥፍ ሲሆን ወፍራም ቪት ያንን አያካክስም።

ነፋሱስ? ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከሰው እሱን ነው። ከሀደራ አጠገብ በሚያልፈው በባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና፣ በመንገድ ቁጥር 2፣ በሰዓት 110 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ላይ ወርዱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ስፖኪዮ ቢኖር፣ ነፋሱ የሚያሳርፍበት ግፊት ሲሰላ 0.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ላስቲክ በክንዱ ላይ ቢሰቀል ከዚህ ብዙም አያንስም፤ ጤነኛ በር ይህን ያለ ችግር ይችለዋል።

በሩን የሚገድለው ትልቅ ኃይል አይደለም፤ ትንሽ ኃይል ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ነው። በቀን 10 ጊዜ የሚዘጋ በር በ30 ዓመት ውስጥ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዘጋል። በተዘጋ ቁጥር በሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ስፖኪዮው በክንዱ ጫፍ ላይ ጉዞውን ሊቀጥል ይሞክራል፤ ላሜራውን ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል። የሞተሩ ንዝረትና የመንገዱ ጉድጓድ ሲጨመር ቁጥሩ ወደ ሚሊዮኖች ይሄዳል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። ኧርንስት ጉስታቭ ኪርሽ የተባለው ጀርመናዊ በ1898 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በሚሳብ ሰፊ ላሜራ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ከሌላው ቦታ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስንጥቁ ሁልጊዜ ከቪቱ ቀዳዳ የሚነሣው ለዚህ ነው። ጨዉ ደግሞ የተሰነጠቀውን ጠርዝ እያዛገ ያሳሳዋል፤ የሀደራ በር ደረቅ አገር ካለው መሰሉ ቀድሞ የሚሸነፈውም በዚህ ነው።

የስፖኪዮ መያዣ ችግር ከስፖኪዮው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ሲካሄድ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ወደ ኋላ የሚያይላቸው መካኒክ አሳፍረው ነበር። ሬይ ሃሩን ብቻውን ገባ፤ በ‘ማርመን ዋስፕ’ መኪናው ላይ በአራት ቋሚ ዘንጎች መስታወት አስተክሎ ተወዳደረና አሸነፈ። ስለዚያ መስታወት ብዙ ተጽፏል። ሃሩን ራሱ በኋላ የተናገረው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ የመሮጫው ጡብ መኪናውን እያንቀጠቀጠው በመስታወቱ ውስጥ የረባ ነገር አላየም። መስታወት ነበረው፤ የጎደለው መያዣው ነው።

አምራቾቹም ለረጅም ጊዜ የት እንደሚተክሉት አልቆረጡም። ጃፓን እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ድረስ በአገሯ በሚሸጡ መኪናዎች በር ላይ ስፖኪዮ አትፈቅድም ነበር፤ ቦታው ፓራፋንጎው ላይ ነበር። ቮልስዋገን ደግሞ በጥንዚዛዋ መኪና፣ አዲስ አበባ ‘ቮልስ’ በሚላት፣ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ የስፖኪዮውን ክንድ ከላይኛው የበር ማጠፊያ ፒን ላይ አስገባው። ይህ ከሁሉ የተሻለው መላ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማጠፊያው ወፍራም ብረት ነው፤ ላሜራው ጭራሽ አልተበሳም፤ የሚሰነጠቅም ነገር የለም። በአሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሾፌሩ በኩል የውጭ ስፖኪዮ ግዴታ ሲሆንና መስታወቱ ሲተልቅ፣ የ1968ቱ ቮልስ ስፖኪዮ ወደ በሩ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የቮልስ ባለቤት የበሩን ጤና መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ቮልስ በኢትዮጵያ የራሷ ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ይዛ የወጣችው እሷ ናት፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ አልጠፋችም። በከተማዋ ግን የስፖኪዮ ጠላት ጨው አይደለም። ሌባ ነው። ስፖኪዮ በአንድ ጉተታ ይነቀልና ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄዳል። ባለ መኪናዎች የታርጋ ቁጥራቸውን በመስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ፤ በዙሪያው የብረት ማቀፊያ ያስበይዳሉ። አንዳንዱ የገዛ ስፖኪዮውን መልሶ ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ እንደሚወርድ በቀልድ ይወራል፤ ቀልዱ ብዙም ሩቅ አይደለም። ጉዳቱም ከሀደራው ይለያል። በጨውና በድካም የተጎዳ ላሜራ ሳስቶና ዝጎ ይገኛል፤ ሌባ የጎተተው ግን ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ወደ ውጭ የተቀደደ ነው። ይህኛው ለባትላሜራ ይቀላል፤ ከውስጥ የብረት መደገፊያ ይዞ በመዶሻ ቀስ እያሉ መመለስ ይቻላል፤ ዝገት የበላው ግን ተቆርጦ ካልወጣ በስተቀር አይመለስም።

በተለይ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ባረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ታክስ ከተጣለ በኋላ፣ በእጅ ያለችን መኪና ማቆየት ለኢትዮጵያዊው ባለቤት የኪስ ጉዳይ ሆኗል። በእስራኤል ነገሩ ወደ ስብስብ ያደላል፦ 30 ዓመት የሞላውና የቀድሞ መልኩን የጠበቀ መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል። አብዛኞቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የዓረብ አገራትን ማዕቀብ ፈርተው በራቁበት ዘመን ገበያውን የሞላው ሱባሩ እንኳ ዛሬ በዚህ መዝገብ ይገባል። መልኩን መጠበቅ የሚለው ነገር ለጠጋኙ ትእዛዝ ነው። ከውጭ ምንም አይታይ፤ ሥራው ሁሉ ከላሜራው ጀርባ ይለቅ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በሩን ከውስጥ በመክፈት ነው። መጀመሪያ የመስኮቱ መስታወት እስከ ላይ ይነሣል፤ ይህን የረሳ በትራፓኖ መስታወቱን የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው። የመስኮቱ ማንሻ እጀታ፣ የክንድ መደገፊያውና የውስጥ ሽፋኑ ይወልቃሉ፤ ከሽፋኑ በስተጀርባ ያለው ላስቲክም በጥንቃቄ ይላጣል፤ ውኃ ወደ መኪናው እንዳይገባ የሚከላከል ነውና መልሶ ይለጠፋል። ቀጥሎ በበሩ ወለል ላይ ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ብዙ ጊዜ በአቧራና በአሮጌ ቅባት ተደፍነዋል። ተደፍነው ከቆዩ የበሩ ወለል ውኃ ሲቋጥር ኖሯል፤ የስፖኪዮው ጉዳይ ለሁለተኛ ቀጠሮ ይተላለፋል ማለት ነው።

ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ዓይን ብቻውን አይበቃውም። የባቡር ጥገና ሠራተኞች ዱሮ ይጠቀሙበት የነበረ ዘዴ እዚህ ያገለግላል። ቀለሙ ከተላጠ በኋላ ብረቱ በነጭ ጋዝ ይታሻል፤ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያ ጠመኔ ይቀባል። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው እየወጣ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። የመስመሩ ጫፍ ላይ በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳ መብሳት ጉዳት መጨመር ይመስላል፤ ነገር ግን የስንጥቅ ጫፍ እጅግ የሾለ ስለሆነ ውጥረቱን ሁሉ እዚያ ያከማቻል፤ ክብ ቀዳዳ ሾሉን ያጠፋዋል፣ ስንጥቁም እዚያ ይቆማል። ቦታው በነጭ ጋዝ ርሶ ነበርና ብየዳ ከመነሣቱ በፊት በሚገባ መጽዳትና መድረቅ አለበት።

ብየዳው የሚያስፈራው ክፍል ነው፣ ሊያስፈራም ይገባል። ቀጭን ላሜራ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በአንድ ትንፋሽ የተበየደ በር እንደ ተቀቀለ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። ልምድ ያለው ሠራተኛ በቀጭን ሽቦ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይዳል፤ አንዷን ነጥብ አስቀምጦ ራቅ ወዳለው ጫፍ ይሄዳል፣ የመጀመሪያዋ እስክትበርድ ይጠብቃል። ከጀርባ የመዳብ ጠፍጣፋ ይያዛል፤ መዳብ ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚወስድ ብየዳው አይጣበቅበትም፣ የሰፋ ቀዳዳም በላዩ ተሞልቶ ይዘጋል። የብየዳ ፍንጣሪ የመስኮት መስታወት ላይ ካረፈ ቀልጦ ይገባበታልና እርጥብ ብርድ ልብስ መሸፈን፣ በበሩ ውስጥ ያለውን የሬንጅ ድምፅ መከላከያም አስቀድሞ መፋቅ ያሻል። ይነዳል። የውኃ ባልዲ ከእግር አጠገብ አለመኖሩ ከሁሉ የከፋ ስንፍና ነው።

ስንጥቁ ተዘጋ እንጂ በሩ ገና አልበረታም። የጥገናው ልብ ከላሜራው ጀርባ የሚገባው የብረት ጠፍጣፋ ነው። ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ ከስፖኪዮው እግር እጥፍ ያህል ቢሆን መልካም ነው። የበሩን ጉብታ ተከትሎ ይጎብጣል፤ ማዕዘኖቹ በሞረድ ይከበባሉ፣ ሹል ማዕዘን ከተተወ ነገ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራልና። ዳዶዎቹ ከጠፍጣፋው ጀርባ ይበየዳሉ፤ አሁን ብሎኑ አንድ ሳይሆን ስድስት ጥርስ ያገኛል፤ የስፖኪዮው ጉተታም በጣት በምትሸፈን ቦታ መሆኑ ቀርቶ በመዳፍ ስፋት ላይ ይሰራጫል።

ጠፍጣፋውን ከላሜራው ጋር በምን ማያያዝ ይሻላል? አንዳንዱ ዙሪያውን ይበይዳል። በማጣበቂያ፣ በኢፖክሲ ወይም በፖሊዩረቴን መለጠፉ ግን ይመረጣል። ማጣበቂያው ላሜራውን አያጨማድድም፤ ጉተታውን በጠቅላላው ገጽ ያካፍላል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል እርጥበት የሚቀመጥበት ክፍተትም አይተውም። በሀደራ ዓይነት አየር ይህ የመጨረሻው ምክንያት ብቻውን ይበቃል።

በዚህ ቦታ የሪቬት ዳዶ የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ ከውጭ ተተኩሶ ስለሚገባ በሩን መፍታት ያስቀራል። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ለ5 ሚሊሜትር ብሎን የሚሆነው ግን የ7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የደከመውን ላሜራ ይበልጥ መብሳት ነው። ባዶ ቀጭን ላሜራ ላይ ከተተከለ አንድ ቀን ከብሎኑ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ማውጣቱ ከመትከሉ አሥር እጥፍ ያደክማል። የውስጥ ጠፍጣፋ ካለ በእርሱ ላይ ይተከል፤ ከሌለ ይቅር።

የስፖኪዮው እግርም የራሱ በሽታ አለው። በአሮጌ መኪኖች ላይ አብዛኛው በክሮም የተለበጠ የዚንክ ቅይጥ ነው። ጨው በክሮሙ ላይ ካሉ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ገብቶ ዚንኩን ከሥር ይበላዋል፤ ገጹ በትናንሽ ብጉር ይሞላል። ይባስ ብሎ ሰው ዝገት የማይነካውን ብሎን ይመርጥና ከዚንኩ ጋር ያገናኘዋል። ሁለት የማይመሳሰሉ ብረቶች በጨዋማ ውኃ ሲገናኙ ደካማው ይበላል፤ እዚህ ደካማው ዚንኩ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት የዚያ ምልክት ነው። ብሎኑን በቅባት ማልበስና የፕላስቲክ ሮንዴላ መጨመር ጉዳቱን ያዘገየዋል። እግሩ ከተሰበረ የኦክሲጅን ነበልባል አይቅረበው፤ ቅይጡ በ380 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ስለሚጀምር ከመሞቁ ወደ መፍሰሱ የሚሄደው ሳይታሰብ ነው። ኢፖክሲ ወይም በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ልዩ መበየጃ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለብረት በር ነው። ከሀደራ ወደ ሰሜን፣ በሃይፋ አካባቢ የተሠራ አንድ መኪና ግን ሌላ ሕግ አለው። የይስሐቅ ሹቢንስኪ ‘አውቶካርስ’ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ‘ሱሲታ’ን ሲያመርት ላሜራ ለመጫን የሚያስፈልገው ግዙፍ ማሽን ለአንዲት ትንሽ አገር ገበያ አያዋጣም ነበር። ስለዚህ ከእንግሊዙ ‘ሪላየንት’ ጋር ተባብሮ አካሉን በፋይበርግላስ ሠራው። የሱሲታን አካል ግመሎች ይበሉት ነበር የሚለው የእስራኤል ቀልድ እስካሁን አልሞተም። ግመሉ ይቅርና፣ ዝገት አይበላውም።

ነገር ግን ይላላል። ፋይበርግላስ ከብሎኑ ሥር ቀስ በቀስ ይፈጫል፤ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፤ በዙሪያው የሸረሪት ድር የመሰሉ ስንጥቆች ይወጣሉ። ብየዳ የለም፤ ስቱኮም እንደ ብረቱ ሁሉ ያታልላል። የተፈጨው ክፍል እስከ ጤነኛው ድረስ ይሞረዳል፤ ጠርዙ እየሳሳ በሰፊው እንዲሄድ ይደረጋል፤ ከዚያ የመስታወት ጭረት ምንጣፍ በሬዚን እየተነከረ ከውስጥ በኩል በንብርብር ይለጠፋል። ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ስለሆነ ጭምብል የግድ ነው። ከደረቀ በኋላ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ የብረት ቱቦ ይገባል፤ ብሎኑ ሲጠበቅ የሚጨመቀው ቱቦው እንጂ ፋይበሩ አይሆንም። ከጀርባ እዚህም ሰፊ ጠፍጣፋ ይኖራል፤ አሉሚኒየም ቢሆንም ይበቃል።

ሁለተኛ ስፖኪዮ ልጨምር የሚል ባለቤት ትንሽ ይታገሥ። ብዙ አሮጌ መኪናዎች ከፋብሪካ የወጡት በሾፌሩ በኩል ብቻ ይዘው ነው፤ በተሳፋሪው በኩል ያለው በር ገና አልተበሳም። ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት ሾፌሩ በልኩ ይቀመጥና ሌላ ሰው ስፖኪዮውን በእጁ ይዞ በበሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ያድርገው። የፊቱ ምሰሶ እንዳይጋርደው፣ ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት ስትከፈት እንዳትመታው፣ ብሎኑም የሚወርደውን መስታወት እንዳይነካው ይታያል። ቦታው በወረቀት ማጣበቂያ ምልክት ተደርጎበት አንድ ሳምንት ቢታይ ማንም አይቸኩልም።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። የተፋቀው ብረት በውስጥም በውጭም ፀረ ዝገት ይቀባል፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ አይረሳም። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ደርቆ ጠንክሯል። ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቃሉ፣ ዚንክ ከመጎንበስ መሰበር ይቀናዋልና። የውስጥ ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት አንድ ሰው ከውጭ ውኃ ያርከፍክፍ፣ ሌላው በባትሪ መብራት ከውስጥ ይመልከት። ጠብታ ከሌለ በጠፍጣፋው ላይ ቀጭን ሰም ይረጫል፣ ላስቲኩ ይለጠፋል፣ ሽፋኑ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎማው ስለሚረጋ ብሎኖቹ እንደገና ሩብ ዙር ያህል ይቀበላሉ፤ ከዚያ በላይ የሚቀበሉ ከሆነ ሽፋኑን እንደገና ማውለቅ ነው።